ከዓርብ በፊት የተባረኩ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ጠላቂ ዋናተኞች በታሂቲ ደሴት ዳርቻ፣ ከ30 እስከ 65 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ከዚያ በፊት ማንም ያላወቀው የኮራል ሪፍ አገኙ። ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኮራሎቹ የጽጌረዳ ቅርጽ ይዘው፣ ቅጠል በቅጠል ተደራርበው የፈኩ ናቸው፤ ትልልቆቹ ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር ይሞላሉ። በዓለም ላይ ከሚታወቁት የኮራል ሪፎች አብዛኞቹ ከ25 ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት የሚገኙ ናቸው። ኮራል በሰውነቱ ውስጥ ተጠልለው ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠሩለት ጥቃቅን አልጌዎች አሉት፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ደግሞ ብርሃኑ እየሳሳ ይሄዳል። ሌላም ምክንያት አለ። በስኩባ ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው የሚሠለጥነው ቢበዛ እስከ 40 ሜትር ለመውረድ ነው፤ እዚያም ቢሆን የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሰው ያልቆየበትን ቦታ ሰው አላየውም። ዩኔስኮ ግኝቱን በጃንዋሪ 2022 ይፋ ሲያደርግ ብዙው ሰው የተደነቀው በውበቱ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው። እነዚያ ኮራሎች ማንም ሳያያቸው ቀስ በቀስ ባደጉባቸው ዓመታት ሁሉ መልካም ነበሩ ወይ? መልካም ከነበሩስ ለማን?

ጥያቄው እንጦጦ ላይ ቆሞ ለሚያስብ ሰው የራቀ ይመስላል። ጋራው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ሀገሪቱም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም። ነገር ግን እንጦጦ የውሃ ጋራ ነው። ጀርባው ላይ የወደቀው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል፤ በሰሜን የወረደው በሙገር በኩል ከዓባይ ተቀላቅሎ ወደ ሜድትራኒያን ያመራል፤ በደቡብ የወረደው ቀበናን፣ ግንፍሌን፣ ቀጨኔን እየሆነ ከተማውን ሰንጥቆ አቃቂ ይገባል፤ ከአባ ሳሙኤል ግድብ አልፎ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። ስለዚህ አንድ የየካ ሰው ቀበና ውስጥ የወረወረው ሃይላንድ የታሂቲን ኮራል ይጎዳል ብዬ ማንንም አላስፈራራም፤ አይደርስም። ክርክሬ ቆሻሻ በየት በኩል የት ይደርሳል የሚል አይደለም። ሰው የማያየው፣ ሰውም የማይጠቀምበት የውሃ ውስጥ ሕይወት በራሱ ክብር አለው ወይስ የለውም ነው። ለታሂቲ ጥልቅ የምንሰጠው መልስ ለቀበናም የምንሰጠው መልስ ይሆናል። እኔ አለው እላለሁ። ይህን የምለውም ከውጭ በመጣ የአካባቢ ጥበቃ ንግግር ተደግፌ ሳይሆን፣ እዚሁ በየደብሩ ከሚሰጠው የሥነ ፍጥረት ትምህርት ተነሥቼ ነው።

ሥነ ፍጥረትን የተማረ ሁሉ ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት በየዕለታቸው ይቆጥራል። ሐሙስ ቀን ከውሃ ሦስት ወገን ፍጥረት ተገኘ፤ በልብ የሚሳብ፣ በእግር የሚሽከረከር፣ በክንፍ የሚበር። ሰው የመጣው በማግስቱ ዓርብ፣ ያውም ከዕለቱ ፍጥረታት ሁሉ በኋላ ነው። በሐሙስና በዓርብ መካከል ያለው ነገር የሚገባውን ያህል ታስቦበታል ብዬ አላምንም። የኦሪት ዘፍጥረትን ምዕራፍ 1 ዝግ ብሎ ያነበበ ሰው ሁለት ነገር ያገኛል። እግዚአብሔር የባሕሩን ፍጥረት አይቶ መልካምነቱን የመሰከረው ሐሙስ ነው፤ ያን ዕለት በምድር ላይ አንድም የሰው ዓይን አልነበረም። ደግሞም በመጽሐፉ ውስጥ መጀመሪያ የተነገረው በረከት ለሰው የተነገረ አይደለም። እንዲበዙና ውሃውን እንዲሞሉ አስቀድመው የተባረኩት የባሕር ፍጥረታት ናቸው፤ ከእነሱም ጋር ወፎች። የዓርብ እንስሳት እንኳ፣ ላሙም በጉም፣ በዚያ ምዕራፍ ለብቻቸው የተነገረ እንዲህ ያለ በረከት የላቸውም። ምስክርነቱ ተመልካች ከመኖሩ በፊት ከተሰጠ፣ መልካምነቱ በተመልካች ላይ የቆመ አይደለም። መጽሐፈ ኢዮብም ሰው በማይኖርበት ምድረ በዳ ላይ ስለሚዘንበው ዝናብ ሲናገር ይህንኑ ያጠናክራል፤ ያ ዝናብ የማንንም ማሳ አያጠጣም፣ ግን ይዘንባል። መዝሙር 103 ሌዋታንን ሲያነሣ በባሕር ውስጥ እንዲጫወት የተፈጠረ አድርጎ ነው፤ ለሰው ስለሚሰጠው ጥቅም አንዲት ቃል የለም። ለእስልምና ተከታይ ጎረቤቶቻችንም ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ ቁርኣን በሱረቱል አንዓም በምድር የሚሄዱትንና በክንፍ የሚበሩትን ሁሉ እንደ ሰው ያሉ ሕዝቦች ይላቸዋል።

ከዚሁ ከቤታችን ትምህርት የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ ግን አለ። መምህራን ሰውና መላእክት የተፈጠሩት ስሙን ለመቀደስ፣ ክብሩን ለመውረስ ነው ይላሉ፤ የቀሩት ፍጥረታት ደግሞ ለአንክሮ ለተዘክሮ፣ ለምግበ ሥጋ ለምግበ ነፍስ። እንግዲህ ማንም ያላደነቀው፣ ማንም ያልበላው የጥልቅ ባሕር ኮራል ከተፈጠረበት ዓላማ ጎድሎ ኖረ ማለት ነው? ይህን ተቃውሞ በችኮላ ማለፍ ትምህርቱን መናቅ ነው። መልሱ ሁለት እርከን ያለው ይመስለኛል። የመጀመሪያው፣ ትምህርቱ ራሱ ተመልካችን በሰው ብቻ አይወስንም። መላእክት ከእሑድ ጀምሮ አሉ፤ ሐሙስ ከውሃው የወጣውን ለማድነቅ ዓርብን መጠበቅ አላስፈለጋቸውም። ሁለተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው፤ አንክሮ ምላሽ ነው። የምንደነቀው ነገሩ አስቀድሞ የሚደነቅ ሆኖ ስላገኘነው ነው እንጂ፣ ስለተደነቅንበት መልካም አልሆነም። ምግብም እንዲሁ ነው። ለአንክሮ ተፈጠረ የሚለው ቃል ፍጥረቱ ለእኛ ምን እንደሚያደርግልን ይነግረናል፤ ፍጥረቱ በፈጣሪው ፊት ምን እንደሆነ የሚነግረን ደግሞ የሐሙሱ ምስክርነት ነው። ሁለቱን አንድ ማድረግ የለብንም።

ከሃይማኖት ውጭ ሆኖ የሚጠይቅም አለ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጂ. ኢ. ሙር እ.ኤ.አ. በ1903 ማንም ሊያያቸው የማይችል ሁለት ዓለሞችን አስቡ ብሎ ነበር፤ አንዱ እጅግ ያማረ፣ ሌላው የቆሻሻ ክምር። ማንም ባያየውም ያማረው መኖሩ ይሻላል አለ። ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ ራሱም ቆየት ብሎ ከአቋሙ አፈግፍጓል። የሚያይ ከሌለ ውበት ምንድን ነው የሚለው ሙግት በእርግጥ ከባድ ነው፤ እኔም በውበት ላይ ብቻ ቆሜ አልከራከርም። ነገር ግን ሪፉ ሥዕል አይደለም፣ ሕያው ነው። አንድ የኮራል ፖሊፕ አብዛኛውን ጊዜ ከእርሳስ ጫፍ ብዙም የማይበልጥ ለስላሳ አካል ነው። አንድ አፍ አለው፤ በአፉ ዙሪያ ጥቃቅን እጆች አሉት። ቀን ቀን ራሱ በሠራው የኖራ ጽዋ ውስጥ ተሰብስቦ ይውላል፤ ሲመሽ እጆቹን ዘርግቶ በውሃው የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ፍጥረት እየያዘ ይጎርሳል። ሲሞት ኖራው ይቀራል፤ በዚያ ኖራ ላይ ተከታዮቹ ይሠራሉ፤ ሪፍ የሚባለውም ይኸው ክምችት ነው። ውሃው ከልኩ በላይ ሲሞቅበት በውስጡ ያስጠለላቸውን አልጌዎች ያወጣና ይነጣል፤ ሙቀቱ ከሰነበተ ይሞታል። ይህ ፍጥረት ደኅና የሚባል ኑሮ አለው፤ ክፉ የሚባልም አለው። ደኅናውም ክፉውም የራሱ ነው፤ ሰው አየውም አላየውም አይለወጥም። የሙር ዓለም ይህ ጎድሎት ነበር፤ ውበት እንጂ ሕይወት አልነበረውም። ለራሱ ደኅናና ክፉ ያለው ነገር ግን ዋጋውን ከእኛ ዓይን አይበደርም። የሐሙስ በረከትም ያማራችሁ ሁኑ አላለም፤ ትእዛዙ መብዛትና መሙላት፣ ማለትም መኖር ነው። የሃዋይ ሰዎች ጥንታዊ የፍጥረት ዝማሬ የሆነው ኩሙሊፖም የፍጥረትን ትውልድ ሲቆጥር ከኮራል ፖሊፕ ይጀምራል፤ ሰው የሚመጣው ብዙ ክፍል ካለፈ በኋላ ነው። በውቅያኖስ መካከል የኖረ ሕዝብና በደጋ የኖረ ሕዝብ፣ አንዱ ስለሌላው ሳይሰማ፣ የባሕሩን ፍጥረት ከሰው ማስቀደማቸው ማስረጃ ባይሆን እንኳ ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል።

ለሰው የተሰጠው ግዛትስ? በዚያው ምዕራፍ ሰው የባሕርን ዓሦች እንዲገዛ ተሾሟል፤ የገዛውን እንደፈቀደ ቢያደርግ ምን ነውር አለው የሚል ሰው አይጠፋም። ሹመት ግን በኛ ሀገር ታሪክ ምን እንደሆነ እናውቃለን። በንጉሥ የተሾመ ሹም አገሩን ይገዛል፤ ከመሾሙ በፊት ለዚያ አገር ሰዎች የወጣውን የንጉሥ አዋጅ ግን መሻር አይችልም። አዳም ግዛቱን ሲረከብ የዓሦቹ በረከት አንድ ቀን አስቀድሞ ታውጆ ነበር። ደግሞም ግዛት ማለት መብላት እንኳ አልነበረም፤ በዘፍጥረት 1 ለሰው የተሰጠው ምግብ ዘር ያለው ተክልና ፍሬ ነው፤ ዓሣን ጨምሮ ሥጋ የተፈቀደው ከጥፋት ውሃ በኋላ ለኖኅ ነው። ስለዚህ ዓሣ አታጥምዱ የሚል ክርክር የለኝም፤ ተፈቅዷል። ከተጠመደው በኋላ ውሃው ውስጥ የሚሞላ እንዳይቀር ማድረግ ግን ከበረከቱ ጋር መጣላት ነው። እንስሳ ደመ ነፍስ ብቻ ነው፣ የማትሞት ነፍስ የለውም የሚለውም መልስ አይሆንም። በየዓመቱ የምንጾመው የነነዌ ታሪክ የሚያበቃው እግዚአብሔር ለከተማይቱ ሕፃናትና ለብዙ እንስሶቿ እንደሚራራ በመናገር ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከጠላቂዎቹ ወገን የሚመጣ ነው፤ እኔም ግማሹን እቀበለዋለሁ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1943 ፈረንሳውያኑ ኩስቶና ጋኛን አየር በጀርባ ተሸክሞ ለመጥለቅ የሚያስችለውን መሣሪያ ባይሠሩ ኖሮ፣ ስለ ባሕር ሕይወት የሚቆረቆር ሰው ዛሬ ካለው እጅግ ባነሰ ነበር። በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ፣ በፋካራቫ ደሴት ደቡባዊ መተላለፊያ የሆነውን ብቻ ማየት ይበቃል። በየዓመቱ በሰኔና በሐምሌ ገደማ፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን፣ ግሩፐር የተባሉት ወፋፍራም ዓሦች እንቁላል ለመጣል በዚያ ጠባብ በር ይከማቻሉ። ተመራማሪዎች ለዓመታት እየጠለቁ ቆጥረው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ግሩፐሮቹ 17,000 ያህል፣ የሚያድኗቸው ግራጫ ሻርኮች ደግሞ እስከ 700 እንደሚደርሱ አሳይተዋል። በአንድ መተላለፊያ ያን ያህል ሻርክ ሊኖር የቻለው ሌሎች ዓሦች ከሩቅ እየመጡ ስለሚመግቡት ነው። ይህን ያወቅነው ሰው ወርዶ ስላየ ነው፤ የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ በመላው የባሕር ክልሏ ሻርክ ማጥመድን ማገዷም እንዲህ ባለ እውቀት ይጠናከራል። ማየት ለእኛ ትምህርት ነው፤ አልክድም። ማየት ግን በራሱ ፍቅርን አይወልድም፤ ለዚህ ምስክር የምጠራው ቀበናን ነው። ቀበናን የማያይ የየካ ሰው የለም። ድልድዩን በየቀኑ በሺዎች ይሻገሩታል። ከክረምት ጎርፍ በኋላ ፌስታል በየቅርንጫፉ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ውሃው ጠቁሮ፣ የመጸዳጃ ፍሳሽ በቱቦ ሲገባበት ይታያል፤ ሽታውም አፍንጫ ያስይዛል። ሁላችንም እያየን ነው የሞተው። በተቃራኒው በሕዝባችን ዘንድ እጅግ የሚከበረው ነገር የማይታየው ነው። ታቦት ከመንበሩ ላይ በምእመን ዓይን አይታይም፤ ለጥምቀት ወደ ጃን ሜዳ ሲወርድም ተሸፍኖ ነው፤ ሕዝቡ ግን ምንጣፍ እያነጠፈ፣ እየሰገደ ያጅበዋል። እንዲህ ያለ ልማድ ያለው ሕዝብ ያላየውን ማክበር አይችልም ሊባል አይገባውም። የሚጎድለን ይህን አክብሮት እስከ ውሃው ድረስ መውሰድ ነው።

ድሀ ሀገር ላይ ሆኖ ስለ ዓሣ መጨነቅ ቅንጦት ነው የሚለው ተቃውሞ ሞራላዊ ክብደት አለው። በየካ ተዳፋት ላይ ውሃ በፈረቃ የሚመጣላት፣ ጀሪካን ደርድራ ሌሊት የምትጠብቅ እናት ከኮራል ትቀድማለች፤ ይህን የማይቀበል ሃይማኖት አላውቅም። ግን የፖሊኔዥያ ሰዎች ያላቸውን ሥርዓት እንይ። ራሁኢ ይባላል፤ ማኅበረሰቡ የባሕሩን አንድ ክፍል ለተወሰነ ጊዜ ይዘጋል፣ ማንም አያጠምድበትም፣ ዓሣው ሲመለስ ይከፈታል። በጥንት ጊዜ የሚደነግጉት አለቆች ሲሆኑ መሠረቱም ሃይማኖታዊ ክልከላ ነበር፤ በቅኝ ግዛት ዘመን ተዳክሞ ቆይቶ አሁን እየተመለሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ታሂቲ ውስጥ በቴአሁፖ መንደር ባሕር ላይ ተደንግጓል። ይህን ያወጡት ዓሣ በልተው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ጠግበው የሚናገሩ አይደሉም። በኛም ዘንድ ለዚህ ግዝት አለ። ቄስ የገዘተውን ዛፍ የሚቆርጥ ገበሬ ብርቅ ነው፤ በጎንደር ደጋ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የቀሩት ደኖች፣ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ለዓመታት ያጠኗቸው፣ በዙሪያቸው ያለው ሁሉ ታርሶ ሲያልቅ የተረፉት በዚህ ነው። በአካባቢው ያለው ገበሬም ሀብታም ሆኖ አይደለም የጠበቃቸው። ከዚህም በላይ የቀበና ዓሣና የአቃቂ ሰው ጠላታቸው አንድ ነው። ዓሣውን የጨረሰው ፍሳሽ ወርዶ የጎመንና የሰላጣ ማሳ ይጠጣዋል፤ ያ ጎመን ተመልሶ ገበያችን ይመጣል።

ወደ እንጦጦ ልመለስ፤ ለእኔ ነገሩ የሚጨበጠው እዚያ ነው። በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት፣ በየካም በሽንቁሩ ሚካኤል፣ ምንጩ ጋ የሚደርሰው ሰው ጾሞ፣ ጫማውን አውልቆ ነው። ልብሱን በጸበሉ አያጥብም፣ አይተፋበትም። ከአጥሩ አልፎ ጥቂት መቶ እርምጃ ሲወርድ ግን ከዚያው ጋራ የሚፈልቀው ውሃ ተራ ወንዝ ይሆናል፤ በእጁ የያዘው ባዶ ሃይላንድ የሚወረወረውም እዚያ ነው። እንዲህ ስል የሚሰጋ መምህር እንደሚኖር አውቃለሁ። ጸበል ጸበል የሆነው በጸሎትና በቃል ኪዳን ነው፣ ወንዙን ሁሉ ጸበል ብታደርገው ቅዱሱን ከተራው ትደባልቃለህ ይለኛል። ትክክል ነው፤ ቀበና ጸበል ነው አላልሁም። ለፈውስ የተለየ ቅድስና አለ፤ ለፍጥረት ሁሉ የተሰጠ በረከትም አለ። የመጀመሪያው ጥቂት ቦታዎችን ከፍ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ማንኛውም ውሃ እንዳይረክስ ይከለክላል። አንዱን ስለጠበቅን ሌላውን ለመጣል ፈቃድ አላገኘንም።

ከዚህ የሚከተለውን በግልጽ ልናገር። የየካና የእንጦጦ አድባራት ካህናት ግዝታቸውን ከምንጩ አጥር ወደ ወንዙ ሊያወርዱት ይገባል፤ ያ ለማዘጋጃ ቤት የማይቻል፣ ለእነሱ ግን የሚቻል ሥራ ነው። ይሁንና መጸዳጃ በሌለው ቤተሰብ ላይ ግዝት መጣል ጭካኔ ነው። የወንዝ ዳር ነዋሪው ፍሳሹን ሌላ የሚያደርስበት ከሌለው ኃጢአቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ቱቦውን ያልዘረጋችውም ከተማ አለችበት። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ታስቦ የተነሣ ነው። መናፈሻው፣ የእግር መንገዱና መብራቱ ለሰው ዓይን የተሠሩ ናቸው፤ አልነቅፋቸውም፣ ሰውም መናፈሻ ይገባዋል። ነገር ግን ዳርቻው አምሮ ውሃው እንደሞተ ሊቀር ይችላል፤ ከዳር ሆኖ ለሚያየው ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። የውሃ ባለሙያዎች የወንዝን ጤና የሚመረምሩት ድንጋይ ገልብጠው ነው። ንጹሕ ውሃ ብቻ የሚችሉ የነፍሳት እጮች አሉ፣ በቆሻሻ ውስጥ የሚተርፉ ቀያይ ትሎችም አሉ፤ የትኞቹ እንዳሉ ቆጥሮ ውሃው የት እንደደረሰ መናገር ይቻላል። እንጦጦ ሥር ካለው ቀጭን ጅረት ጀምሮ እስከ አቃቂ ድረስ በየዓመቱ እንዲህ ይቆጠር። ፕሮጀክቱ ሪፖርት ሲያቀርብም ስንት ኪሎ ሜትር መንገድ ተነጠፈ ከሚለው ጎን፣ ስንት ዓይነት ፍጥረት ወደ ውሃው ተመለሰ የሚል ዓምድ ይኑረው፤ ዓምዱ ለብዙ ዓመት ዜሮ ቢሆን እንኳ ይጻፍ።